ልጆቹ ኳሷን ይንኩ፦ ስለ ታዳጊዎች ሥልጠና ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች የስፖርት ኃላፊዎች፣ ለታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች፣ ለትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ እንዲሁም እንደ እኔ ልጅ ይዘው ሜዳ ለሚመላለሱ ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በፈረቃ ስለምሠራ ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ ነፃ ነኝ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፤ በአንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይሠለጥናል። እህቴ ሱቋን ዘግታ መውጣት ስለማትችል ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ልጁ ኳሷን ስንት ጊዜ እንደሚነካ ቆጠርኩ። በእግሩም ይሁን በጉልበቱ፣ ቢያምርም ቢበላሽም፣ በነካት ቁጥር በደብተር ጀርባ ላይ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ልምምዱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲያልቅ ጭረቶቹን ደመርኳቸው። 34 ሆኑ።

በአንድ ሰዓት ተኩል 34 ጊዜ። ቤት እስክንደርስ ድረስ ይሄ ቁጥር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሰዓቱ የት እንደገባ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሜዳውን አምስት ዙር ሮጡ። ከዚያ ክብ ሠርተው ሰውነት አፍታቱ፤ ፑሽ አፕ ሠሩ። ቀጥሎ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። ከፊት ያለው ልጅ በኮኖቹ መሃል ኳስ እየነዳ ሄዶ ጎል ይመታል። ኳሷ ቁልቁለቱን ይዛ ትሄዳለች። አንዱ ሮጦ ያመጣታል፤ ሌላው ይጠብቃል። ልጆቹ 26 ናቸው። ኳሶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ደግሞ ንፋሷ ወርዷል። የእህቴ ልጅ ተራው እስኪደርስ በታኬታው ጫፍ አቧራው ላይ ክብ ይስላል። ያጠፋዋል። መልሶ ይስላል። መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍለው በሙሉ ሜዳ 13 ለ13 ገጠሙ። ኳሷ ያለችበት ቦታ አሥር ልጅ ይጋፋል፤ የቀረው ቆሞ ያያል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁን ሰፈር ውስጥ አየሁት። ከአራት ጓደኞቹ ጋር በካልሲ ኳስ ይጫወታል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ሜዳው ጠባብ ኮብልስቶን ነው፤ በአንድ በኩል የቆርቆሮ አጥር አለ። ኳሷ አጥሩ ላይ ትነጥራለች፤ ይቀበላታል፤ አብዶ ይሠራል፤ ይነጠቃል፤ መልሶ ይነጥቃል። ደብተሬን ማውጣት እንኳ አላስፈለገኝም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የጠዋቱን እጥፍ ነክቷታል።

ይህን የምጽፈው አሰልጣኙን ለመክሰስ እንዳይመስላችሁ። አሰልጣኙ ወጣት ነው። የሚያገኘው ክፍያ የትራንስፖርቱን እንኳ አይሸፍንለትም። ዝናብም ይሁን ብርድ አይቀርም። ልጆቹ "ኮች፣ ኮች" እያሉ ይከቡታል። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ፣ "ወንድሜ፣ ይሄን የልምምድ አሠራር ከየት ተማርከው?" አልኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "እኔም እንዲህ ነው የሠለጠንኩት" አለኝ።

እኔም የሠለጠንኩት እንዲሁ ነው። በልጅነቴ በዚችው ከተማ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነበርኩ። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። 16 ዓመቴ ነበር። ሁለት ዙር ሮጠን፣ እግራችንን ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ አድርገን ቀጥታ ጨዋታ ገባን። ማንም አልነካኝም። ዞር ስል ጉልበቴ ቋ አለ። ውሃ አፈሰሱበት፤ ቀጥሎ ወጌሻ ቤት ተወሰድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው ተጫውቼ አላውቅም። እስከዛሬ ደረጃ ስወርድ ያቺ ጠዋት ትታወሰኛለች።

ካደግኩ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ሰውነት ማሟሟቂያ አለ። በውስጡ 15 እንቅስቃሴዎች አሉ። ሲለመድ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሩጫ አለው፤ ግን ዝም ብሎ ዙር መሮጥ አይደለም። የጭንና የሆድ ጡንቻ የሚያጠነክር፣ በአንድ እግር ሚዛን የሚያስጠብቅ፣ ዘሎ ጉልበትን ሳያጣምሙ ማረፍን የሚያስለምድ ሥራ አለበት። ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ኖርዌይ ውስጥ ከ1,800 በላይ በሆኑ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል፤ ፕሮግራሙን በሠሩት ዘንድ ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀም አለ። ይሄ ሁሉ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ቅዳሜ አሰልጣኞቹን ሰብስቦ ቢያሳያቸው ይበቃል። የእኔ ጉልበት በዚህ ይድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። የእህቴን ልጅ ጉልበት ግን ዕድል ልሰጠው እፈልጋለሁ።

ወደ ኳሷ ልመለስ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሰልጣኙን አስፈቅጄ አንድ ነገር ሞከርን። ንፋሷ የወረደውን ኳስ አስነፋኋት፤ አንድ ደግሞ ከቤት ይዤ መጣሁ። በአጠቃላይ ሦስት ኳስ ሆነ። የመጡት ልጆች 24 ነበሩ። ሜዳውን በኮንና በድንጋይ ሦስት ቦታ ከፈልነውና በየአንዳንዱ 4 ለ4 አጋጠምናቸው። በረኛ የለም። ሰልፍ የለም። ኳስ ከወጣች ቅርብ ያለው ልጅ ቶሎ ያስገባታል። እንደገና ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 34ኛውን ጭረት አለፍኩ።

ከቁጥሩ በላይ ልቤን የነካኝ ግን ሌላ ነው። አሰልጣኙ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው መዞር ጀመረ። ሰልፍ የሚያስይዝ ስላልሆነ ልጆቹን ለማየት ጊዜ አገኘ። አንድ አጠር ያለ ልጅ አለ፤ ኳስ በመጣችለት ቁጥር መልሶ ወደመጣችበት ይመታታል። አሰልጣኙ ቀረብ አለና አልጮኸበትም። "ኳሷ ሳትደርስህ በፊት ከኋላህ ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ አላወቀም። "በሚቀጥለው ጊዜ ቀድመህ ዞር በልና እይ፤ ከዚያ ንገረኝ" አለው። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ኳሷ ወደ ልጁ ስትመጣ አንገቱን በትከሻው ላይ ቀልበስ ሲያደርግ አየሁት። ከኋላው ማንም የለም። ኳሷን በግራ እግሩ ተቀብሎ ዞረና ወደ ጎል ሄደ። "ኮች፣ ማንም አልነበረም!" ብሎ ጮኸ። ጎል መግባቷን እንኳ ዞሮ አላያትም።

እኔ ሥልጠና የምለው ይሄንን ነው። ለአንድ ልጅ፣ በጨዋታው መሃል፣ አንድ ጥያቄ። አሰልጣኙ ችሎታው ነበረው። የጎደለው ኳስና እንዲህ አድርግ የሚለው ሰው ነበር።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድ አካዳሚ ከ20 ዓመት በፊት ትንንሾቹን ልጆች ከ8 ለ8 ወደ 4 ለ4 አውርዶ ሲያስጠና ቅብብሉ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የተገኘው፤ አንድ ለአንድ መጋጠሙና ጎል መሞከሩ ደግሞ ከዚያም በላይ ጨምሯል። ጀርመን ዓለም ዋንጫ አራት ጊዜ የበላች አገር ነች። እሷም እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለትንንሾቹ 2 ለ2ና 3 ለ3 ጨዋታን ደንብ አድርጋለች። ለእነሱ የነጥብ ሰንጠረዥም ቀርቷል። ትልቅ ሜዳና ብዙ ገንዘብ ያላት አገር ለልጆቿ ትንሽ ሜዳ ከመረጠች፣ ሜዳ የቸገረን እኛ ምን እንጠብቃለን?

የሜዳ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ደሴ ተዳፋት ከተማ ነች። ለጥ ያለ መሬት ብርቅ ነው። ሆጤ ሜዳን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ትልልቆቹ ሲገቡበት ልጆቹ ይወጣሉ። ክረምት ሲሆን ደግሞ የቀረው ሜዳ ጭቃ ነው። ግን የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ መጫወቻ ሲሚንቶ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉን። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። ለ4 ለ4 ከበቂ በላይ ነው። ፉትሳል የሚባለው የትንሽ ሜዳ እግር ኳስ የተፈጠረውም በዚሁ ዓይነት ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ሞንቴቪዴዮ ውስጥ አንድ የስፖርት መምህር ልጆች በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ እንዲጫወቱት ብሎ ጀመረው። ብራዚል ተቀብላ ትልልቅ ኳስ ተጫዋቾቿን በልጅነታቸው ያሳደገችው በእሱ ነው። የፉትሳል ኳስ እምብዛም አትነጥርም፤ ልጁ በእግሩ ሥር እንዲይዛት ታስገድደዋለች።

ስለዚህ ለርዕሳነ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ባዶ ነው። ዘበኛው አለ፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ለሁለት ሰዓት ክፈቱልን። መስኮት ቢሰበር የሚከፍል፣ ልጆቹን ቆጥሮ አስገብቶ ቆጥሮ የሚያስወጣ ወላጅ እኛ እንመድባለን። በጽሑፍ እንፈርማለን።

ኮምቦልቻ በዚህ በኩል ትሻላለች፤ መሬቷ ሜዳ ነው። ከእኛ ወደ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሙቀቷ ግን ይከብዳል። እዚያ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ልጆች ያለ ውሃ ሲሮጡ አይቻለሁ። ውሃ ጠጡ ማለት ልጅን ማቅበጥ አይደለም። በየሩብ ሰዓቱ ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ኳስ መጠንም ላንሳ። ለ12 ዓመት ልጅ የሚገባው ቁጥር 4 ኳስ ነው። እኛ ጋ ሁሉም የሚጫወተው በቁጥር 5 ነው፤ ያቺ የአዋቂ ኳስ ነች፤ እስከ 450 ግራም ትመዝናለች። የስምንት ዓመት ልጅ እሷን ሲመታ እግሩን አጣሞ በጣቱ ጫፍ ይገፋታል፤ ያ ልማድ በኋላ አይለቅም። የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በየውድድሩ መዝጊያ ለባነር፣ ለዋንጫና ለመስተንግዶ የሚወጣውን አስቡት። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ብቻ ለየፕሮጀክቱ አሥር አሥር ቁጥር 4 ኳስና አንድ መንፊያ ይገዛል። እኔ ብጠየቅ ከዋንጫው ኳሶቹን እመርጣለሁ።

ኳስ ባይኖርስ? ግድግዳ አለ። ይሄን ስል አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ክሪኬት እኛ አገር ብዙም አይታወቅም፤ ኳስ በእንጨት ዱላ የሚመታበት፣ እነ ሕንድና አውስትራሊያ የሚያብዱለት ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ከዶናልድ ብራድማን የሚስተካከል መቺ እስከዛሬ አልተገኘም። ከጨዋታ እስኪወጣ በአማካይ ያስቆጠረው 99.94 ነጥብ ነው፤ ጎበዝ የሚባለው 50 ነው። ብራድማን ያደገው አውስትራሊያ ውስጥ ቦውራል በምትባል የገጠር ከተማ ነው። አሰልጣኝ አልነበረውም። የጎልፍ ኳስና አንድ ቀጭን ዱላ ይዞ ቤታቸው ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር የጡብ መሠረት ጋር ይጫወት ነበር። ኳሷን ይወረውራል፤ ጡቡ ላይ ነጥራ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ትመለሳለች፤ በቀጭኑ ዱላ ይመታታል። እንደገና። እንደገና። በአንድ ከሰዓት ስንት መቶ ጊዜ እንደመታት አስቡት። ጨዋታው ሌላ ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው። አሰልጣኞቻችን ለልጆቹ የቤት ሥራ ይስጡ፦ በቀን 100 ጊዜ ግድግዳ ላይ፣ 50 በቀኝ፣ 50 በግራ። የጎረቤት ግድግዳ ከሆነ እማማን አስፈቅደው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የምርጫ ነገር ነው። ምርጫ በሆነ ቁጥር ረጅሙ ልጅ ያልፋል። አሰልጣኙ እሑድ ማሸነፍ አለበት፤ ካላሸነፈ ማንም አይሰማውም፤ ስለዚህ ጉልበት ያለውን ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ካለፉት ልጆች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ሌላ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝም እንላለን። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓ አጥንትን ኤምአርአይ በሚባለው የሕክምና ማሽን ማየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜ በትክክል ቢመዘገብ እንኳ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች የሰውነት ብስለታቸው በዓመታት ሊለያይ ይችላል። ዛሬ የሚያጥረው ልጅ በ15 ዓመቱ ሊመዘዝ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ኳሱን ትቶታል። ያ አንገቱን ዞር አድርጎ ያየው ልጅ በፊት በነበረው ምርጫ የወደቀ ልጅ ነው።

ስለዚህ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑት የደረጃ ሰንጠረዥ ይቅር። ሁሉም ይሰለፍ። ሴቶቹም ይግቡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩ ሦስት አራት ልጃገረዶች አሉ፤ "ነይ ግቢ" ያላቸው የለም። እነዚህ ልጆች በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ ሕፃናት ነበሩ። ብዙዎቹ በእናታቸው ጀርባና በእግር ወጥተው የተመለሱ ናቸው። እነሱን ኳስ ላይ "አልፈሃል፣ ወድቀሃል" ለማለት አንቸኩል።

ስለ ሰዓትም ላስታውስ። የወሎ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ነው፤ አብረው ይጫወታሉ። አርብ ልምምድ ከጁምዓ ጋር አይጋጭ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄድ ልጅ ስለቀረ ከቡድን አይውጣ። በረመዳን ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያው ተጠግቶ ቀለል ይበል፤ ሩጫው ይቀንስ፤ ቅብብል ይብዛ። በአብይ ጾምም እንዲሁ። ይሄን አሰልጣኞቹ በልባቸው ያውቁታል፤ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ቢገኝ ግን ማንም ልጅ ተሸማቆ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ አሰልጣኞቹ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ይጀምራል፤ ከዚያ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ይወጣል። ያለ በቂ ክፍያ የሚሠራ ወጣት ለሥልጠና 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሄዶ አልጋ ተከራይቶ መማር አይችልም። ከፌዴሬሽኑ ጋር ተነጋግራችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ ኮርስ ወደዚህ አምጡልን። አንድ ጊዜ ደሴ፣ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ቢሰጥ ከሐይቅና ከኩታበርም መምጣት ይቻላል። ኮርሱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ በወር አንድ ቀን የሁለቱ ከተማ አሰልጣኞች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ልምምድ ይይ። መንገዱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔ በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው። ለታክሲ የሚቸገር ካለ የዚያን ቀን ሒሳብ የምንጋራ ወላጆች አለን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስክትሰጡኝ አልጠብቅም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እዚያችው ድንጋይ ላይ ነኝ። ከእናንተ አንድ ሰው ቢመጣ ደብተርና እስክሪብቶ እሰጠዋለሁ። አንድ ልጅ ይምረጥና ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይቁጠርለት።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ሰልጣኝ አጎት
ደሴ